«ቁጭ በሉ» እየተባሉ የሚጠሩት፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንን ያበሉ የአክስታችን ሕይወት

አክስታችን ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሲያርፉ በክፍሉ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንድ ልጃቸው፣ ታናሽ እህታቸው የሆኑት እናቴ፣ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው፣ በመዋዕለ ሕፃናቱ የትንንሾቹ ክፍል መምህርት የሆነችው ዋኖስ፣ እና ይህን የጻፍኩት እኔ የእህታቸው ልጅ። ዋኖስ መጠሪያ ስሟ አይደለም፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ስለሆነ ጓደኞቿ ያወጡላት ነው። አክስታችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካገለገሉበት የመዋዕለ ሕፃናት ቢሮ ማንም አልነበረም። ሰባት ወር ሲታመሙም ከቢሮው ማንም አልመጣም።

በማግስቱ ረቡዕ ግን ከቢሮው በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ገጽ ተኩል የሕይወት ታሪክ ተላከልን። በቀብሩ ላይ እንድናነበው ነው። «በራሳቸው ፈቃድ፣ በክብር ጡረታ ወጡ» ይላል። ውሸት ነው። እናቴ ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ፣ «ሲኖሩ ስማቸውን አጥፍተው ሲሞቱ ሊያጥቡት ነው?» አሉና አጥፈው አስቀመጡት። ስለዚህ የምትሰሙት የቢሮውን ሳይሆን የቤተሰቡን ነው። የእኔ ድምፅ ከሰው ፊት ስለማይወጣ የሚያነቡላችሁ ልብስ ሰፊው ናቸው፤ ቃሉ ግን የቤተሰቡ ነው፣ ቅር የሚለው ሰው ቢኖር ለእኛ ይንገረን።

አክስታችን የዛሬ ስድሳ አንድ ዓመት ከአናጢ አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። ለቤተሰቡ ሦስተኛ ልጅ ናቸው። ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በአሥራ አምስት ዓመታቸው እናታቸው እጃቸውን በፈላ ውኃ ስለተቃጠሉ በእሳቸው ምትክ ልብስ ማጠቢያው ቤት ገቡ። ለሁለት ዓመት አንሶላ ካጠቡ በኋላ ወደ ሆስፒታሉ ወጥ ቤት ተዛወሩ። ያዛወሯቸው የወጥ ቤቱ አለቃ ነበሩ። እኒህ ሰው አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ለሕሙማን የሚሆነው ምግብ ከመውጣቱ በፊት የሌሊት ተረኛ ነርሶችን አስቀምጠው ያበላሉ። «የራበው ሰው መርፌ አይጨብጥም» ይሉ ነበር። አክስታችን ሙያውን ከእሳቸው ተማሩ፤ ጠባዩንም እንደዚሁ።

በሃያ አራት ዓመታቸው የቧንቧ ሠራተኛ የነበሩትን ባለቤታቸውን አገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት ልጅ ወለዱ፤ ዛሬ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት። ባለቤታቸው የዛሬ አምስት ዓመት አርፈዋል።

በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው በመዋዕለ ሕፃናቱ በምግብ አዘጋጅነት ተቀጠሩ። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው። ሁለት ትልልቅ ምድጃ፣ አንድ የድንጋይ መታጠቢያ፣ ወደ መተላለፊያው የሚከፈት የምግብ ማውጫ መስኮት አለው። መስኮቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከውስጥ ሆኖ የሚያይ ሰው የሚታየው የመምህራኑ ሽርጥና እጅ ብቻ ነው። አክስታችን ስድስት ዓመት ሙሉ ሳህን ሲሰጡና ሲቀበሉ ኖሩ። «ስድስት ዓመት እጅ ብቻ አይቼ ፊት ሳላይ ኖርኩ፤ ይኼ የኔ ጥፋት ነው» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ጥፋታቸውን የሚደብቁ ሰው አልነበሩም። የሌላውንም አይደብቁም ነበር፤ ለዚህም ነው የማይወዷቸው ብዙ የሆኑት።

በሰባተኛው ዓመት አሁን ያሉት ኃላፊ መጡ። እኒህ ኃላፊ አክስታችንን በአሥራ አንድ ዓመት ቢያንሱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አንቺ» ነበር የሚሏቸው። አክስታችን እስከ መጨረሻው «እርስዎ» አሏቸው። በመጡ በወሩ ከመስኮቱ በላይ ወረቀት አስለጠፉ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ መምህርት ከየሕፃኑ ሳህን አንድ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ሙቀቱንና ጨውን ካረጋገጠች በኋላ ታበላለች፤ ቅምሻው እንደ ምሳ ይቆጠራል፤ በሥራ ሰዓት ሌላ ምግብ መብላት ክልክል ነው። በአንድ ክፍል አሥራ ስድስት ልጆች አሉ። ኃላፊዋ በስብሰባ ላይ፣ «አሥራ ስድስት ማንኪያ ምን ጎደለው? እኔ ራሴ ያን ያህል አልበላም» አሉ። ከዚያም ሳቅ ብለው፣ «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» አሉ። አንዳንዶቹ መምህራን ሳቁ። የሳቁት ራሳቸውን ያውቃሉ።

መምህራኑ እንዴት ይበሉ እንደነበር መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዛሬ እዚህ ያሉት ብዙ ወላጆች አይተው አያውቁም። ልጆች የተዉትን የዳቦ ቅርፊት ሳህን ሲሰበስቡ ቆመው ይውጣሉ። ከሽርጣቸው ኪስ ብስኩት እያወጡ፣ ልጆቹ እንዳያዩ ወደ ግድግዳ ዞረው ያላምጣሉ። በአራት ሰዓት አምስት ማንኪያ ስኳር የተጨመረበት ሻይ ይጠጣሉ፤ በዘጠኝ ሰዓትም ይደግሙታል። ሕፃን የሚያበላ ሰው ደግሞ «አም» ሲል አብሮ አፉን ይከፍታል፤ ይህ በየቤቱ ያለ ነው። አክስታችን አንድ ቀን ከወጥ ቤቱ ወጥተው በበር በኩል ሲያዩ አሥር ሴቶች በአንድ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው አዩ። በኋላ ለእናቴ ሲነግሩ፣ «እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አፋቸው ቀኑን ሙሉ ይከፈታል፣ የሚገባበት ነገር የለም» አሉ። በአንድ ሰው ሠርግ ላይም ከመምህራኑ አንዷ አጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ ዳቦ በትንንሹ ቆራርሳ፣ እፍ ብላ፣ «አም በል፣ የኔ ጎበዝ» ብላቸዋለች። ሽማግሌውም በሉ። ይህን እየሳቅን ስናወራው ኖረናል፤ የሚያስቅ ግን አይደለም፣ ያን ቀን ራሷ ምንም አልበላችም ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ዋኖስ የወደቀች ቀን ነው። ልጆቹ ከምሳ በኋላ በሚተኙበት ሰዓት ምንጣፉ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ከልጆቹ አንዱ ብርድ ልብሱን አምጥቶ አለበሳት፤ ሌላው ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ፣ «እሽ! ቲቸር ተኝታለች» አለ። አሥራ ስድስት ልጆች ዝም ብለው ዙሪያዋን ተቀመጡ። አክስታችን የዚያ ክፍል ሳህኖች ሳይመለሱ ስለቆዩ ሊያመጡ ሲሄዱ አገኟት። ሐኪሙ ደም ማነስ ነው አለ። ምን ትበያለሽ ብሎ ሲጠይቃት፣ «ቅምሻ» ብላ መለሰችለት። ሐኪሙ የምግብ ስም መስሎት እንዴት እንደሚሠራ ጠየቃት።

በማግስቱ አክስታችን የልጅ ወተት መጠጫ ኩባያ፣ አንድ ማንኪያና አንድ ሳህን የልጆች ምሳ ይዘው ቢሮ ገቡ። በኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ስድስት የሕፃን ቅምሻ፣ በማንኪያው ጫፍ እንደሚቀመሰው አድርገው፣ አንድ በአንድ ወደ ኩባያው ጨመሩ። ኩባያው አልሞላም፤ ግማሹም አልደረሰ። «ይኸው ምሳው» አሉ። ኃላፊዋ፣ «አንቺ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለውን ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሂጂ ድስትሽን ጠብቂ» አሏቸው። አክስታችንም፣ «የኔ ድስት አርሮ አያውቅም። እርስዎ ግን ሰው እያሳረሩ ነው» ብለው ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህራኑን ምሳ አበሏቸው። ባለቤታቸው አሮጌ በር በአራት የውኃ ቧንቧ እግር ላይ ገጥመው ዕቃ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ሠሩ። ምስር፣ ድንች፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ሲገኝም ሙዝ። ጎመኑንና ካሮቱን ከመዋዕለ ሕፃናቱ ጥበቃ ጋር ሆነው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ተከሉ። ምስሩና ድንቹ ከልጆቹ ጋር በአንድ ድስት ነው የሚበስለው፤ ይህን አልደበቁም፣ እኛም ዛሬ አንደብቅም። የልጆቹ ሳህን አስቀድሞ ይወጣል፣ ልጅ ድገሙኝ ሲል ይደገማል፣ ከዚያ በኋላ መምህራን ይበላሉ። ልጅ ርቦት የሄደበት ቀን የለም። መምህራኑ በየተራ ሃያ ሃያ ደቂቃ ሲቀመጡ፣ አክስታችን ሽርጣቸውን ሳያወልቁ በክፍሉ ውስጥ ልጆቹን ይጠብቁ ነበር። ልጆቹ ይፈሯቸዋል። እሳቸውም ልጆቹን ትንሽ ይፈሯቸው ነበር።

መምህራኑን ማስቀመጥ ቀላል አልነበረም። ቆመው መብላት ስለለመዱ ሳህን ይዘው ወደ በሩ ይጠጋሉ። «ቁጭ በሉ» ይሏቸዋል። ለመነሣት ይከጅላሉ። «ቁጭ በሉ እንጂ! ወንበሩ አይነክስም» ይሏቸዋል። ስማቸውም ከዚያ ወጣ፤ «እትዬ ቁጭ በሉ» ተባሉ። ብዙ ስኳር ያለው ሻይ የምትጠጣዋን አንዷን «የማር እናት» ብለው ቀለዱባት፤ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ ሳታውቀው ወደ አንድ አወረዷት። ጎመን አልወድም ላለችው፣ «ጎመን በጤና ሲባል አልሰማሽም? ጤናውን እኔ አላውቅም፣ ጎመኑ ግን ይኸው» አሏት። አንዷ ደግሞ እንቁላሉን በመሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ስትከት ያዟት። ቤት ላለው ልጇ ነበር። «ለልጅሽ ነገ ሌላ እሰጥሻለሁ። ይኼን ግን እዚሁ ፊቴ ዋጪው» አሏት። እያለቀሰች ዋጠችው። በማግስቱ ሁለት እንቁላል ሰጧት፤ ሁለቱንም ከቤታቸው ነበር ያመጡት። ይህች መምህርት ዛሬ እዚህ ካለች ታስታውሰዋለች ብለን እናምናለን።

ቆይቶ ሌላ ሐሳብ መጣላቸው። መምህራኑ ዕቃ ቤት ከሚደበቁ ከልጆቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ ምን አለበት አሉ። የልጅ ወንበር ዝቅ ያለ ነው፤ ሲቀመጡበት ጉልበት ጆሮ ይነካል። ቢሆንም ኃላፊዋ ለአንድ ወር ሥልጠና ስለሄዱ ጀመሩት። ልጆቹ ጎመን የሚባል ነገር ይተፉ ነበር። መምህርታቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላ ጎመን ስትበላ ሲያዩ ሳህኗን ማየት ጀመሩ፤ ከዚያ ከሷ ሳህን መስረቅ ጀመሩ፤ ከዚያ የራሳቸውን በሉ። አክስታችን ይህን ለማድረግ ምንም መጽሐፍ አላነበቡም። ሰው ሲበላ የሚያይ ሰው ይበላል፤ ይኸው ነው።

በዚያ ወር የጤና ተቆጣጣሪዎች ድንገት መጡ። አሥር መምህራን በትንንሽ ወንበር ተቀምጠው ካሮት ሲያላምጡ አገኙ። በጣም አደነቁ። ለመዋዕለ ሕፃናቱ የምስክር ወረቀት ሰጡ። ኃላፊዋ ከሥልጠና ሲመለሱ ወረቀቱን ይዘው ፎቶግራፍ ተነሡ። ፎቶግራፉ ዛሬም በመግቢያው ላይ አለ፤ ከሥሩ «በኃላፊዋ ሐሳብ አመንጪነት» የሚል ተጽፎበታል። አክስታችን ፎቶግራፉን አዩት። ወዲያው በስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «እንግዲህ ሐሳቡ የርስዎ ከሆነ በደንብ ይጻፍልን። መምህራን የግማሽ ሰዓት ምሳ አላቸው ተብሎ ይጻፍ» አሉ። ይህ እንዲሆን ተተኪ ሰው መቅጠር ያስፈልግ ነበር። ኃላፊዋ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፉ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ አክስታችን በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው በደብዳቤ ተባረሩ። «ጡረታ» የሚል ቃል ደብዳቤው ላይ የለም። የሚለው ይህ ነው፦ «የሕፃናትን ምግብ ለግል ጥቅማቸው ወደ ቤታቸው ሲያወጡ በመገኘታቸው።» ኃላፊዋ ደብዳቤውን በመምህራኑ ሁሉ ፊት አስነበቡት። ምግቡን ማን እንደበላው አሥሩም ያውቁ ነበር። ነገር ግን በልተናል ማለት ክልከላውን ጥሰናል ማለት ነው። አሥሩም መሬት መሬት አዩ። ዋኖስም መሬት አየች። ይህን እንድጽፍ የጠየቀችኝ ራሷ ናት። አክስታችን ሽርጣቸውን አውልቀው አጠፉና፣ «ደህና ዋሉ። ምድጃው ላይ ያለውን አንዳችሁ አማስሉት» ብለው ሄዱ። ማንም ተከትሎ አልወጣም።

ጠረጴዛው በዚያው ሳምንት ተነቀለ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው አትክልት ተነቅሎ የኃላፊዋ መኪና መቆሚያ ሆነ። ከመምህራኑ ሁለቱን ስኳር በሽታ ይዟቸዋል፤ በመድኃኒት ነው የሚኖሩት። ልጆቹም ጎመን አይበሉም።

አክስታችን ከዚያ በኋላ በሌላ ወጥ ቤት ለመቀጠር አምስት ቦታ ጠይቀዋል። በየቦታው ከቀድሞ መሥሪያ ቤትሽ ወረቀት አምጪ ይባላሉ፤ ወረቀቱ ደግሞ ሌባ ይላቸዋል። በአራት ዓመት ውስጥ ለቢሮው ሦስት ማመልከቻ አስገብተዋል። እሳቸው እየነገሩኝ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ቃሉን አውቀዋለሁ። ወደ ሥራ መልሱኝ አላሉም። ካሳ አልጠየቁም። የጠየቁት «ለግል ጥቅማቸው ወደ ቤታቸው» የሚለው እንዲሰረዝላቸው ብቻ ነው። መልስ አልመጣም። ቁጭ በሉ ሲሉ የኖሩ ሴት በቁጭት አረጁ።

የዛሬ ሰባት ወር ጉበታቸውን ታመሙ። በአምስተኛው ወር መምህራኑ ሁለት ሁለት እየሆኑ መምጣት ጀመሩ። ሲመጡም በር ላይ ይቆማሉ። አክስታችን አልጋቸው ላይ ሆነው መጀመሪያ የሚጠይቁት ምሳ መብላታቸውን ነበር። አልበላንም ሲሉ ልጃቸውን ጠርተው ያስቀርባሉ። አንዷ ሳህኑን ይዛ፣ «እትዬ፣ ይቅር ብለውናል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «አላልኩም። ብይ» አሏት። ሌሎች ሰዎች ሲሞቱ ሁሉን ይቅር አሉ ተብሎ ይጻፋል። የእኛ አክስት አላሉም፤ ያላሉትን አንጽፍም።

ካረፉ በኋላ፣ የቢሮው ጽሑፍ በደረሰን ዕለት፣ እናቴና ልጃቸው ወደ ኃላፊዋ ሄዱ። ከመቀበራቸው በፊት ደብዳቤው ይሻርላቸው ብለው ለመኑ። መለመን የሚለውን ቃል የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሁለቱም ቆመው ነበር። ኃላፊዋ፣ «የሞተ ሰው ፋይል ዝግ ነው። እኛ በክብር ጽፈንላታል፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» አሏቸው። በክብር ከጻፋችሁ የውርደቱ ወረቀት ለምን ተቀመጠ ቢሏቸው፣ «ሥራ አለብኝ» አሉ። በወረቀት ያከበሯቸው ለመምሰል የአበባ ጉንጉን ልከዋል። በሩ ላይ ነው ያለው፤ አላስገባነውም።

ይህን ዋኖስ ሰማች። ረቡዕ ከሥራ በኋላ መምህራኑን በልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዝግ ባለ ድምፅዋ የተናገረችውን ልብስ ሰፊው ሰምተዋል። «እኔ በልቻለሁ። እናንተስ?» ነው ያለችው። አንዷ፣ «ልጆች አሉኝ» አለች። ሌላዋ፣ «ሁላችንም ልጆች አሉን፤ የበላነው ግን እኛ ነን» ብላ መለሰችላት። ከአሥሩ ሁለቱ ተነሥተው ወጡ። የቀሩት ስምንቱ አንድ ወረቀት ላይ እንዲህ ብለው ጽፈው ፈረሙ፦ «ምግቡን የበላነው እኛ ነን። በመዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ፣ ቁጭ ብለን በላነው። እሳቸው ወደ ቤታቸው የወሰዱት ነገር የለም። ያን ቀን ይህን ሳንናገር ዝም ብለናል።» ወረቀቱ ከዚህ ጽሑፍ ጋር በጀርባው ገጽ ታትሟል። በአራት ዓመት ዘግይቷል። ቢሆንም አክስታችን ሌባ እንዳልነበሩ የሚናገር ወረቀት በእጃችሁ አለ፤ ወደ ቤታችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

አክስታችን የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። አንድ ወንድምና ሁለት እህቶች በሕይወት አሉ። ከሥጋ ዘመዶቻቸው ሌላ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊውን፣ የቀድሞውን የመዋዕለ ሕፃናቱን ጥበቃና ዋኖስን እንደ ቤተሰብ እንቆጥራለን። ሰባት ወር ላስታመሟቸው ነርስ ምስጋናችን የከበረ ነው።

ፈጣሪ ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ላጠፉት ምሕረትን፣ በሐሰት ለተጻፈባቸው ነገር ደግሞ ፍርድን ይስጥልን።

ስምንቱ መምህራን ወረቀቱን ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ለቢሮው አስገቡ። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት፣ በዚያው ቀን በዘጠኝ ሰዓት፣ ስምንቱም ከሥራ ታገዱ።